መሬት የሚይዝ ሣር

ሰው አትክልት የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ይሄ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቃጥሎኛል። የድሬን ባቡር ጣቢያ አትክልት ስንከባከብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቼ በየሰው ግቢ እየዞርኩ እተክላለሁ። አበባ አይቶ «ይሄንን ትከልልኝ» የሚለኝን ሁሉ፣ መጀመሪያ እግርህ ስር ያለውን አፈር እይ እለዋለሁ። የሚሰማኝ የለም። ሲደርቅበት ግን ያደረቀው እኔ ነጋ ነኝ።

ቢሻሮ እንደነሱ አልነበረችም። ባሏ ዓደን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከኔ ጋር ባቡር ላይ ነበር የሚሠራው። ሲሞት የተወላት ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነው። በየክረምቱ ጎርፉ ከግቢዋ ጥቂት ጥቂት እየቆረሰ፣ ከጓዳዋ ግድግዳ ስድስት እርምጃ ላይ ደርሷል። ወንዙን የሚከለክለው የድንጋይ ግንብ ደግሞ እሷ ጋ ለመድረስ ሁለት ቤት ሲቀረው ቆሟል። ወንዝ አፋፍ ላይ ያለ ቤት የሚገዛ እብድ አይገኝም። መጋቢት ላይ ቤቴ ድረስ መጣች።

«አቦ ነጋ፣ እኔ አበባ አልፈልግም» አለችኝ። «መሬቱን የሚይዝልኝ ነገር ትከልልኝ። ይሄ ቤት ከሄደ ወላሂ የት እገባለሁ?»

«ይይዝልሻል» አልኳት። «እንሞክራለን» እንኳን አላልኩም።

ግቢዋ ጠባብ ቢሆንም ሦስት ዓይነት መሬት ነበረው። ኒም ዛፉ ስር ፀሐይ አይገባም፣ ያለውን እርጥበትም ዛፉ ይመጥጠዋል፤ እዚያ ከላይ አረንጓዴ ከታች ወይን ጠጅ የሆነውን፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚሄደውን ቅጠል ዘረጋሁ። የልብስ እጣቢ የምትደፋበት ጥግ አፈሩ ነጭ ጨው አውጥቶ ነበር። ለሱ ደግሞ ውሃ የሚቋጥር ወፍራም ቅጠል ያለውን፣ ፀሐይ ሲመታው የሚፈካውን አጭር አበባ መረጥኩለት።

«አበባ አልፈልግም አላልኩህም?» ብላ ተቆጣች።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? የሳሙናሽን ውሃ የሚችል ሌላ የለም» አልኳት። ዓደን ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዋናው ሥራ ግን ወደ ወንዙ የሚወርደው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚጠብሰው ተዳፋት ነበር። በአፋፉ ላይ ሥሩ ጠልቆ የሚወርደውን ቬቲቨር የሚባል ሣር በረድፍ ተከልኩ፤ የቀረውን በሙሉ ሰርዶ። ሰርዶን ገበሬ ይረግመዋል። እኔ ግን የእሱን ያህል የማምነው ተክል የለኝም።

አፈሩ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ሸክላ የሚሆን ነው። ባቡር ጣቢያ ሳለን እንዲህ ያለውን የምናላላው በደቻቱ አሸዋና በፍየል በጠጥ ነበር። ድሬ ውስጥ ለጓሮው ትንሽ አሸዋ የፈለገ ሰው አካፋና ጆንያ ይዞ ወደ ደቻቱ ይወርዳል፤ ማንንም አይጠይቅም። ያኔ የምናወጣው በበጋ ከሚደርቀው ወንዝ መሃል ነበር፤ ጋሪም ጉልበትም ነበረን። አሁን ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኛል። ስለዚህ እዚያው ተዳፋቱ ግርጌ ቆፈርኩ። ቢሻሮ የጆንያውን አፍ እየያዘችልኝ በአንድ ሳምንት ሠላሳ ጆንያ አወጣን። ጉድጓዱን አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም። ጎርፉ ራሱ አሸዋ አምጥቶ ይሞላዋል ብዬ ነው የተውኩት።

ሰኔ ሲገባ በግቢው ውስጥ ባዶ መሬት አይታይም ነበር። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያደንቃል። ቢሻሮ ማታ ማታ አፋፉ ላይ ቆማ ሣሩን በእግሯ ጫን ጫን እያደረገች ትፈትነው ነበር። እኔም ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ መጣ። ድምፁን እንደሰማሁ ሮጥኩ፣ የኔ ሩጫ ሩጫ ከተባለ። ስደርስ ቢሻሮ ፍራሿን ወደ ደጅ እየጎተተች ነበር። ውሃው ተዳፋቱን ከላይ አልነካውም። በቆፈርኩት ጉድጓድ ገብቶ መሬቱን ከስር ይበላ ነበር። አፋፉ ሲናድ ጓዳውን ይዞ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ የፊቱ ክፍል ግድግዳ ተሰነጠቀና ጣሪያው ተከተለ።

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ አየሁት። የተረፈው ሰርዶ እርስ በርሱ እንደተያያዘ፣ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ከተቆረጠው አፋፍ ወደ ገደሉ ተንጠልጥሏል። ከስሩ ምንም የለም። ከተከልኩት ውስጥ አንድም አልደረቀም፤ ለየመሬቱ የመረጥኩት ሁሉ ትክክል ነበር። አሳፈረኝ፣ አንገበገበኝ።

ቢሻሮ የተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቷ ሀምዲያ ለጥቂት ቀን ጥግ ሰጥታታለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ስላለው ማንም አላነሳም። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቢሻሮ» አልኳት፣ «ያ አሸዋ…»

እጇን አነሳች። «ተው። አትንገረኝ አቦ። ጎርፉ ከአላህ ከሆነ እችለዋለሁ። ካንተ ከሆነ ግን አንተንም ላጣህ ነው። ሌላ ማን ቀረኝ?»

ማወቋን ያኔ አወቅኩ። ፍራሹን ተሸክሜ ከኋላዋ ወደ ሀምዲያ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እያስቆመ ያጽናናታል። «ነጋማ የሚችለውን ሁሉ አድርጎልኝ ነበር፤ ጎርፍ ነው የወሰደው» ትላቸዋለች። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ ትጠብቀኛለች።

«አዎ» እላለሁ እኔም። «ጎርፍ ነው።»