አባቷ ከሜዳ የተባረረ ዕለት

አባቷ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል ሲያደርግ አግኒያ ኳሷን መሬት ላይ ማንጠሯን አቆመች። ሁለት ሳል "በግራዋ በኩል ስደጂላት" ማለት ነው። አንድ ሳል ከሆነ ወደ መሀል። ኮፍያውን ካወለቀ "አትቸኩዪ"፣ የሱፍ ፍሬውን መቆርጠም ካቆመ ደግሞ "ተናድጃለሁ"። ይህን ቋንቋ አባትና ልጅ የፈጠሩት አግኒያ ራኬት በሁለት እጇ ካልሆነ ማንሳት በማትችልበት ዕድሜ ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷትም አልተዉትም።

ኳሷን ወደ ላይ ወረወረችና በግራ በኩል ሰደደቻት። ኢሎና እዚያው ቆማ ትጠብቃት ነበር። ከሞስኮ የመጣችው ይህች ረጅም ልጅ ኳሷን መልሳ ስትጠልዛት ከጠርዙ መስመር አጠገብ አርፋ ቀዩን አፈር ቡን አደረገችው።

"ውስጥ ናት። ነጥቡ የኢሎና ነው" አለ ዳኛው ከረጅሙ ወንበሩ ላይ ሆኖ።

"ውጪ ናት!" የሚል ድምፅ ከተመልካቹ መሀል ተሰማ።

አግኒያ ዓይኗን ጨፈነች። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም።

"ኧረ ውጪ ናት! ምልክቷ እዚህ ድረስ ይታየኛል! ወርደህ እያት!"

"ተመልካቾች፣ ጸጥታ እባካችሁ።"

"ጸጥታ ትለኛለህ? ዓይንህን ለማን አውሰህ ነው የመጣኸው?"

ሰው ሳቀ። የአግኒያ አባት ግሌብ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። በፔንዛ ከተማ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ውስጥ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና ይነዳል። ልጁ በበረዶ ላይ መቆም አቅቷት በየደቂቃው እየወደቀች ብታስቸግረው ጊዜ ነው አንድ ያገለገለ ራኬት ገዝቶ ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር ያገናኛት። ቴኒስን እሱም ከእሷ ጋር እኩል ጀመረ፤ ማታ ከመጽሐፍና ከቪዲዮ የለቀመውን ጠዋት ለእሷ ያስተምራል። ከዚያ ወዲህ ሌላ አሠልጣኝ አላየችም። ባለፈው ዓመት ከታዳጊዎች ውድድር ወጥታ ከትልልቆቹ ጋር መጫወት ከጀመረች ወዲህ ግን በሄደችበት ሁሉ የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ትሰናበታለች። ዛሬ እዚህ ኡልያኖቭስክ ብታሸንፍ በስሟ ፊት የመጀመሪያዋ የዓለም ደረጃ ነጥብ ትመዘገብላታለች። አንዲት ነጥብ ናት፤ ቢሆንም ከባዶ ጋር አንድ አይደለችም።

ግሌብ በመቀመጫው አልቆየም። ዝቅተኛውን አጥር በሆዱ ተንሸራቶ ተሻገረና በከተማ ጫማው ቀዩን አፈር እየረገጠ ወደ መስመሩ ገሰገሰ። ሜዳው ላይ የተወው ኮቴ የከብት መንጋ ያለፈበት ያስመስለዋል።

"አባዬ፣ ተመለስ" አለች አግኒያ ቀስ ብላ።

"ዝም በይ አንቺ፣ ጥቅምሽን እያስከበርኩልሽ ነው!"

ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ መጣ። ወጣት ነው፤ ጆሮው ቀልቷል። "እሺ፣ የቱ ጋ ነው ምልክቷ?"

"ይኸውና! ይኸው ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ወጥታ…" ግሌብ ጎንበስ አለ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ ቀኝ እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ። የኳሷ ምልክት ከጫማው ሥር ሆኖ ድምጥማጡ ጠፍቷል።

መቀመጫው በሳቅ ተናወጠ። ኢሎና እንኳ ፎጣዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ዳኛው ባይስቅ ኖሮ ምናልባት ግሌብ ተመልሶ ይቀመጥ ነበር። ዳኛው ግን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ግሌብም የዳኛውን እናት ጠርቶ የማይደገም ነገር ተናገረው። ወዲያው የውድድሩ ኃላፊ መጡና ክንዱን ያዙት።

"ጌታዬ፣ ከግቢው ይውጡልኝ። ለዛሬ በቃዎት።"

"ልጄ እየተጫወተች የት ልሂድ?"

"የፈለጉበት። ከበሩ ውጪ።"

እየጎተቱ ሲያወጡትም አፉ አላረፈም። "አግኑሻ! ጉልበትሽን ማጠፍ አትርሺ! በግራዋ በኩል! በግራዋ—" የብረቱ በር ተዘጋና ድምፁ ተቆረጠ።

አግኒያ ፊቷ እንደ ሜዳው ቀልቶ ወደ መስመሯ ተመለሰች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ኳሷን አንጠረች፣ እንደ ልማዷም ወደ መቀመጫው ቀና አለች። ባዶ ነው፤ የሱፍ ቅርፊት ብቻ። የት ልስደዳት? ይህን ጥያቄ ለራሷ ያቀረበችበት ቀን ትዝ አላላትም። ኳሷን መረብ ላይ ጣለቻት፤ ቀጥላም እንዲሁ። የመጀመሪያው ዙር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የኢሎና ሆነ።

በዕረፍቱ ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ ተቀመጠች። ማፈሯ ማፈር ነው፤ ከማፈሩ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር። ሲፈልጉት ቆይተው ድንገት ኪስ ውስጥ እንደሚያገኙት ዕቃ ያለ። ቀለል ብሏታል። አባቷ ሲባረር ቀለል ማለቱ ራሱ አስደነገጣት።

"ውሃ ጠጪ እንጂ፣ ፎጣው ሥር አትደበቂ" አለ አንድ ጎርናና ድምፅ ከአጥሩ ኋላ።

ኖና አርካድየቭና ናቸው። የዚህ ክለብ አሠልጣኝ፣ ድሮ ራሳቸው በሰፊው የተጫወቱ፣ ዛሬ አንድ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው ሴት። ትናንት ከልምምድ በኋላ አግኒያን ለብቻዋ ጠርተው "ከመስከረም ጀምሮ እኔ ጋ ነይ፤ መኝታም አለን፤ አባትሽ ግን ልምምድ ላይ እንዲገኝ አልፈቅድም" ብለዋት ነበር። ለአባቷ አልነገረችውም።

"ከቅድም ጀምሮ ማንን ነው የምታዪው?" አሉ።

"ማንንም።"

"ባዶ ወንበር ስታዪ ነው የቆየሽው። ኳሷ ያለችው በዚያ አይደለም።" ይህን ብለው ምርኩዛቸውን አንስተው ሄዱ። ስለ ግራም ስለ ቀኝም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ አግኒያ ብዙ ሮጠች። ኢሎና ከሜዳው ኋላ፣ ከመስመሩም አልፋ ቆማ በረጅም እጆቿ ከዳር ዳር ታሯሩጣታለች። ድካሙ ነው እጇን ያስተማረው። አንዲት ኳስ ወደ እሷ ስትመጣ ኢሎና ምን ያህል ርቃ እንደቆመች አየች፤ ከማሰቧ በፊትም እጇ ራኬቱን እንደ ማንኪያ አዘንብሎ ኳሷን ከመረቡ ማዶ ጠብ አደረጋት። ኢሎና ሮጠች፣ ግን አልደረሰችም። ኳሷ ሁለቴ ነጥራ ዝም አለች።

አባቷ ይህን ምት አጥብቆ ይጠላል። "የሰነፍ ምት" ይለዋል። "መሮጥ የታከተው ነው እንዲህ የሚመታ፤ የእኔ ልጅ ሰነፍ አይደለችም!" ሲላት ስለኖረ በውድድር ላይ ሞክራው አታውቅም፤ ፔንዛ ውስጥ እሱ ሥራ ሲገባ ለብቻዋ ከግድግዳው ጋር ነበር የምትጫወተው፣ ጣፋጭ ተደብቃ እንደምትበላ ሕፃን።

ደገመችው። ኢሎና አሁን ወደፊት ቀረብ ብላ ቆመች። ያኔ ደግሞ አግኒያ ከኋላዋ አሳልፋ ሰደደችባት። ከዚያ የት እንደምትመታ መወሰን ራሱ ደስ አላት። አንዳንዱ ውሳኔዋ ጅል ነበር፤ አንዷን ኳስ ከአጥር ውጪ ሰዳ አንድ ሰውዬ ሄዶ ከቁጥቋጦ ውስጥ አምጥቶላታል። ግን ጅልነቱም የራሷ ነው። ሁለተኛውን ዙር ወሰደች።

ሦስተኛው ዙር አንገት ለአንገት ሄደ። መጨረሻው ላይ፣ ልታሸንፍ አንዲት ነጥብ ስትቀራት፣ ዓይኗ ሳታዝዘው ወደዚያ መቀመጫ ሄደ። አንዲት አሮጊት የሱፉን ቅርፊት ጠርገው ተቀምጠው ከፌስታል ቼሪ እያወጡ ይበላሉ። ሴትየዋ መታየታቸውን አይተው፣ ግራ ቢገባቸው፣ አንድ ቼሪ አንስተው "ትፈልጊያለሽ?" እንደማለት አሳዩዋት። አግኒያ ሳቋ መጣ። እየሳቀች ኳሷን ወረወረችና ወደ መሀል፣ በቀጥታ ወደ ኢሎና ሆድ ሰደደቻት። ኢሎና ራኬቷን የምታስገባበት አጥታ ኳሷን መረቡ ላይ ጣለቻት።

መረቡ አጠገብ ሲጨባበጡ ኢሎና ትንፋሽ እያጠራት "ማንን ማመስገን እንዳለብሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት።

"ማንን?"

"ዳኛውን። አባትሽ እያለ የት እንደምትመቺ እኮ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር። ሁለት ሳል በግራ፣ አንድ ሳል መሀል። ሰውዬው ሲወጣ አንድ ረዳት ነው ያጣሁት።" ትከሻዋን መታ አደረገቻት። "በርቺ። አጭሯ ኳስሽ መርዝ ናት።"

የመኪና ማቆሚያው ከግቢው ውጪ፣ ቮልጋን ቁልቁል ከሚያሳየው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ግሌብ የአሮጌ ላዳውን ኋላ ከፍቶ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። ሻይ የቀዳበት የፔርሙስ ክዳን አጠገቡ ነው፤ አልጠጣውም። ሲያያት ብድግ አለ።

"ከግንቡ ሥር ቆሜ ጭብጨባውን ሳዳምጥ ነበር። ለአንቺም ለእሷም እኩል ነው የሚያጨበጭቡት፣ ምን ዓይነት ከተማ ነው ይሄ! ምን ሆነ?"

"አሸነፍኩ።"

መልሶ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት፤ ለረጅም ጊዜ ጠረገበት። "ነጥቧ?"

"የእኔ ናት።"

"ጎሽ!… ጎሽ የኔ ልጅ። በምን አሸነፍሻት? በግራዋ በኩል አይደል?"

"በአጭር ኳስ።"

"በምን?"

"በአጭር ኳስ፣ አባዬ። ደጋግሜ።"

ግሌብ ወንዙን አየ። አንዲት የጭነት ጀልባ አሸዋ ተሸክማ ቁልቁል ትወርዳለች። "እኔ እዚያ ብቀመጥ አትመቺውም ነበር" አለ።

"አልመታውም ነበር።"

ዋሽታ ልታልፈው ትችል ነበር፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። የቀረውንም ከዚያው አስከትላ ነገረችው፦ የኖና አርካድየቭናን ግብዣ፣ መስከረምን፣ መኝታውን። እሱ ልምምድ ላይ የማይገኝ መሆኑን ስትነግረው ጫማዋን ነበር የምታየው።

"በአንድ ቀን በዳኛውም በልጄም ተባረርኩ በይኛ" አለ።

"አባዬ…"

"ተዪ፣ ልናገር።" ክዳኑን አነሳና የቀዘቀዘውን ሻይ ሣሩ ላይ ደፋው። "ካለፈው ክረምት ጀምሮ አዲስ ነገር አስተምሬሽ አላውቅም። አስተውለሻል? የማውቀው አልቋል፣ አግኑሻ። መጽሐፎቹም አልቀዋል። የቀረኝ ድምፄ ነው፤ ለዚያ ነው የምጮኸው።"

አግኒያ ይህን አላወቀችም። የማያልቅ ይመስላት ነበር። አጠገቡ ተቀመጠችና ራሷን ክንዱ ላይ ጣል አደረገች፤ ጃኬቱ እንደሁልጊዜው የሞተር ዘይትና የበረዶ አዳራሽ ይሸታል።

"ሴትየዋ ትጮሃለች?" አለ ግሌብ።

"ምላሷ እሳት ነው ይላሉ።"

"መልካም። የሚጮህብሽ ሰው አትጪ።" ተነሳ። "እኔ ነገ ማለዳ ተረኛ ነኝ፤ ምክትሉ በረዶውን እንደ እርሻ ነው የሚያርሰው። አሁን ብነሳ ከመምሸቱ በፊት ግማሹን መንገድ እጨርሳለሁ።"

መጫወት ከጀመረች ወዲህ ብቻዋን ትቷት ሄዶ አያውቅም። ሻንጣዋን ራሱ አወረደላት። እናቷ የጠቀለለችውን በጎመን የተሞላ የፒሮሽኪ ዳቦም ሙሉውን ሰጣት፤ ለመንገዱ አንድ እንኳ አላስቀረም። ሞተሩን አስነስቶ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ አፉ ተከፈተ። ስለ ነገዋ ተጋጣሚ ሊናገር መሆኑን ከቅንድቡ አወቀች። ከንፈሩ ለአፍታ ክፍት እንደሆነ ቆየ፤ ከዚያ "ደህና ሁኚ" ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

ወደ ግቢው ስትመለስ ኖና አርካድየቭና በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

"ነገርሽው?"

"ነገርኩት። በመስከረም እመጣለሁ።"

"ነገ ግራኝ ናት የምትገጥምሽ። ጠዋት ቀደም ብለሽ ብትመጪ አንዳንድ ነገር ላሳይሽ…"

"ኖና አርካድየቭና፣ አመሰግናለሁ። የነገዋን ብቻዬን ልጫወታት።"

ሴትየዋ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት፤ የተቆጡ መስለው ነበር፤ ግን በምርኩዛቸው መንገዱን ለቀቁላት።

የራኬት ክር የሚወጥረው ሰውዬ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ይሠራል። አግኒያ በጨዋታው ክሩ የተበጠሰባትን ራኬት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሰውዬው አሮጌውን ክር በመቀስ ቆራርጦ አወጣና አዲሱን ጥቅል አነሳ።

"አባትሽ ለሳምንቱ በሙሉ በሃያ አምስት ኪሎ ወጥርላት ብሎኛል። እንደዚያው ላድርገው?"

በሃያ አምስት ኪሎ ጉልበት የተሳበ ክር ድርቅ ያለ ነው። ኳሷን በኃይል ለመጠለዝ ይሆናል፤ ጠብ ለማድረግ ግን እጅ ላይ አይላላም፤ የእጅ አንጓዋም ሲያማት ከርሟል። ሃያ ሦስት ይሻል ይሆን? ሃያ አራት? ትክክለኛውን የሚያውቅ ሰው ማን ነው? ስልኳ እጇ ላይ ነበር፤ ላዳዋ ገና ከከተማው አልወጣችም።

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከፒሮሽኪው ሥር ከተተችው።

"በሃያ ሦስት ወጥረው" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም" አለች አግኒያ። "ግን በሃያ ሦስት ወጥረው።"