የሚነቃነቀው ሽቦ

ኮምፒውተሩ ከጧት ጀምሮ አልነሳ አለ። ሲበራ ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ወጥቶ ይቆማል። ልጄ ታጠፋዋለች፣ መልሳ ታበራዋለች። ያው መስመር።

"ዲስኩን አላገኘሁም ነው የሚለው" አለችኝ። "አባዬ፣ የሁለት ዓመት ልፋቴ እኮ እዚያ ውስጥ ነው።"

የመመረቂያ ጽሑፏ ነው። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ካላስገባች ዓመት ትጠብቃለች። ፍላሽ ላይ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። ሌላውን ነገ እገለብጣለሁ፣ ነገ እገለብጣለሁ ስትል ከረመች።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ደወለች። ሰፈሩ "ፈጣኑ" ይለዋል። በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ ብሎ በሰባት ሰዓት መጣ።

"መንገድ ተዘግቶ ነው" አለ።

"የተዘጋስ ዓይንህ ነው" አልኩት። " የትራሱ ስፌት ጉንጭህ ላይ ታትሟል።"

ሳቀ። ተንበርክኮ የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ ቀየረ። አልሆነም። ሳጥኑን በመዳፉ መታው። አልሆነም።

"ያረጀ ነገር እንዲህ ነው፣ አባት" አለ ወደ እኔ እያየ። "አንዳንዴ አልነሳም ይላል።"

ዝም የምልበት ምክንያት ነበረኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ዘይት ሳጠጣ ኖሬያለሁ። እዚያ አንድ ደንብ ነበረን፤ የሚነቃነቅ ነገር አይታለፍም። ጨርቅ ወይም ወረቀት አጥፈህ ትሸጉጥበታለህ፣ ይጠብቃል። ትናንት ልጄ ስትወጣ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈትቼ አቧራውን በብሩሽ ጠረግሁ። አንድ ጠፍጣፋ ቀይ ሽቦ ጫፉ ላይ ይነቃነቅ ነበር። ነቀልሁት። ከካላንደሩ ትንሽ ቀድጄ፣ አጥፌ፣ አብሬ ሰካሁት። ቀጥ አለ። ደስ አለኝ።

እንዳትነካው ብላኝ ነበር። ሁለቴ።

ፈጣኑ ክዳኑን ከፍቶ በስልኩ መብራት ውስጡን አየ። ቀዩን ሽቦ በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው።

"ይኼ ጥብቅ ነው" ብሎ አለፈው።

ጠጋኝ ነው፣ ያገኘዋል ብዬ ጠበቅሁ። ሌላውን ሁሉ ነካካ። ቀዩን ሽቦ ግን አልተመለሰበትም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ተነሳ።

"ዲስኩ ሞቷል፣ እህቴ። ነገ ጧት አዲስ ይዤ እመጣለሁ።"

"ውስጡ ያለውስ?"

"እሱማ አብሮ ሄደ።"

ልጄ ወጥታ መምህሯ ጋ ደወለች። በበሩ በኩል ይሰማኛል። "አንድ ቀን ብቻ... እሺ... ገባኝ።" ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ፈጣኑ መፍቻዎቹን ቦርሳው ውስጥ መክተት ጀመረ።

"ቀዩን ሽቦ ንቀለው" አልኩት።

"አይቼዋለሁ አባት፤ ጥብቅ ነው።"

"ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ንቀለው።"

ልጄ ቀና አለች። ዓይኗን አላየሁም፤ ጫማዬን ነው ያየሁት። ፈጣኑ ነቀለው። ወረቀቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አየው።

"ሐሙስ ይላል" አለ፣ ሳቁን ይዞ።

ማንም አልሳቀለትም።

ሽቦውን ያለ ወረቀቱ ዲስኩ ላይ መልሶ ሰካው። በራ። ነጩ መስመር አልመጣም። እንደ ልማዱ እያቃሰተ፣ እየዘገየ ተነሳ። ልጄ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ጽሑፏን ስትልክ አሥር ሰዓት ሊሞላ ስምንት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ከመላኳ በፊት ፍላሹ ላይም ገልብጣዋለች።

ፈጣኑ ሄደ። እሷ ፊቷን ወደ ስክሪኑ እንዳደረገች እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

"መፍቻህን።"

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። መሳቢያዋ ውስጥ ከትታ ቆለፈችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት መፍቻ ነው። መጻፍ ጀመረች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቁልፎቹን በመታች ቁጥር ጠረጴዛው ይነቃነቃል፤ አንዱ እግሩ አጭር ነው። ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን ከወለሉ አነሳሁና ወደ አጭሩ እግር አስጠጋሁት።

"አባዬ" አለች ሳትዞር፣ "አስቀምጠው።"