የተፈገፈገው መስመር

ወላሂ፣ ይሄ ሽልማት የመጣው እኔን ለማቃጠል ነው!

የጡት ካንሰር የጨረር ሕክምናን ከሃያ አምስት ቀን ወደ አምስት ተከታታይ ቀን ያሳጠርነው እኛ አምስታችን ነን። ካይሮ ላይ አገር ይሸልማችኋል ተባልን። እኔ ራጃእ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከማሽኑ ጋር የኖርኩት፣ በሕይወቴ አንዴ ስሜ ሊጠራ ነው። አዲስ ቀሚሴን ተኩሻለሁ፤ አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። የቀሩኝ ታካሚ ከገጠር የመጡት ሐጃ ባሂያ ብቻ ናቸው፤ አምስተኛ ቀናቸው ነው።

ልብሳቸውን ሲያወልቁ ቆዳቸው ያብረቀርቃል። ጨረሩ የት እንደሚያርፍ የሚያሳዩት ሰማያዊ መስመሮቼ አንዱም የለም!

«ሐጃ! መስመሮቹስ?»

«ታጠብኩታ! የወንድሜ ሚስት በገላ መፈግፈጊያ ፈግፍጋ አስለቀቀችልኝ» አሉኝ ኮራ ብለው።

«አይታጠቡ አላልኩዎትም? ስንቴ ልንገርዎት?»

«አንቺ ልጅ! መንግሥት ሊሸልማችሁ ሲመጣ ተዥጎርጉሬ ልቆየው? ‹የነራጃእ ታካሚ ቆሻሻ ናት› ይበል?»

«መንግሥት አይመጣም፤ እኛ ነን የምንሄደው!»

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

አለቃችን ዶክተር ዋግዲ ከረባቱን እያስተካከለ ገባ።

«ራጃእ፣ ሹፌሩ አበደ! ነገ ጁምዓ ነው፣ ዝግ ነን። ቅዳሜ ይታከሙ።»

«ሳይቋረጥ ብለን አይደል እንዴ የምንሸለመው?»

ሰዓቱን አየ። «እንደገና ለማስመር ስንት ይፈጃል?»

«ራጅ ማንሳቱ፣ መለካቱ፣ ሰዓት ተኩል።»

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ጮኸ። ዶክተር ዋግዲ አንዴ ሐጃን፣ አንዴ እኔን አየና ሄደ።

ሐጃን አልጋው ላይ አስተኝቼ ሰማያዊ ብዕሬን አነሳሁ።

«በኔ ምክንያት ቀረሽ አይደል፣ ልጄ?»

«አይንቀሳቀሱ! ከተንቀሳቀሱ እንደገና መጀመሬ ነው።»

አልተንቀሳቀሱም። እንባቸው ብቻ ወደ ጆሯቸው ወረደ። አስምሬ፣ ለክቼ፣ ማሽኑን አስነሳሁ።

ሲያበቃ «አሁንስ መታጠብ እችላለሁ?» አሉኝ።

«ይችላሉ፣ ሐጃ። አለቀ። ግን ያን መፈግፈጊያ ዳግም ቢያስጠጉት፣ ወላሂ እኔና እርስዎ አንተዋወቅም!»

ወጡ። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ፣ የምርመራ ተራ ለሚጠብቁት ሴቶች «በራጃእ እጅ ጨረስኩ! ራጃእ!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሴቶቹም ስሜን እየጠሩ ተቀበሏቸው።

ሆስፒታል ነው፣ ዝም በሉ ልላቸው በሩን ከፈትኩ። ግን ‹አንዴ ብቻ ደግመው ይጥሩኝ› ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።