የጀልባዋ የኋላ መብራቶች

ፊርደውስ ማብሪያውን ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነችው። በጀልባዋ የተሳፋሪ ክፍል ከፊት በኩል ያሉት አራት አዳዲስ መብራቶች ቦግ አሉ፤ የኋላዎቹ አራቱ ግን እንደ ጨለሙ ቀሩ። ላቧን በክንዷ ጠርጋ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠች።

ባሏ ሙንዚር መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሐይቁን የሚያይ ይመስል ነበር። የሚያየው ግን እሷን ነው።

"ምን ሆነ ልጄ?" አሉ የጀልባዋ ባለቤት ሃጂ በሺር ከደጅ ሆነው። "የሙሽራው ወገን አስር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እስኪመሽ ውሃው ላይ ነው የሚቆዩት።"

"አብሽሩ ሃጂ፣ ይበራል።"

ሃጂ በሺር የድሮዎቹን ሃሎጅን መብራቶች የጠሉት በከንቱ አልነበረም። ባለፈው ወር መብራቶቹ ባትሪውን ጨርሰውባቸው፣ ሞተሩ አልነሳ ብሎ፣ ሃያ እንግዳ ይዘው መሃል ሐይቅ ላይ ቀሩ። ሌላ ጀልባ ነው ጎትቶ ያወጣቸው። "በኤልኢዲ ይቀየርልኝ" ብለው ኮምቦልቻ ወዳለው ሱቅ ሲደውሉ ስልኩን ያነሳው ሙንዚር ነበር።

"ፊርደውስን ፈልጌ ነበር" አሉ። "አንተ ማን ነህ?"

"ባሏ ነኝ።"

"እንግዲያው ስጣታ።"

ሱቁ የሙንዚር ነው። ከበሩ በላይም "ሙንዚር የመኪና ኤሌክትሪክ" የሚል ተጽፏል። ሙያውንም ያስጀመራት እሱ ነው፤ እንደ ተጋቡ ሰሞን ምሳ ይዛለት ስትመጣ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ትጠይቀው ነበር፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ ያስረዳታል። ኋላ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ተማረች። አሁን ሾፌሩ ሁሉ አንገቱን በበሩ አስግጎ "እሷ የለችም?" ይላል። አንድ ቀንማ፣ እሷ ጓሮ እጇን እየታጠበች ሳለ፣ "የለችም" ብሎ ደንበኛ መልሷል። ሰውየው "ነገ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ፊርደውስ የኋላውን ኮርኒስ ፈትታ ስታወርድ፣ ሙንዚር ሽቦውን አወቀው። የራሱ የእጅ ሥራ ነበር፤ የናስትሮው አጠቀላለል ጭምር። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ገና ሳይጋቡ፣ ጀልባዋ በሌላ ሰው እጅ ሳለች የኋላውን መስመር የዘረጋው እሱ ነው። ቀዩ ሽቦ አለቀበት፤ ደሴ ሄዶ መግዛቱ ታከተውና ጥቁሩን ፖዘቲቭ፣ ነጩን ኔጌቲቭ አድርጎ ጨረሰው። ሃሎጅን በየትኛውም በኩል ቢታሰር ስለሚበራ ማንም አላወቀም። ኤልኢዲ ግን ከተገለበጠ አይበራም።

ፊርደውስ ጥቁሩን እንደ ወጉ ኔጌቲቭ ነው ብላ ስታስር አየ። ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው።

"እስቲ ዛሬ እንያት" አለ በሆዱ።

አሁን የሙከራ አምፖሏን አውጥታ ሽቦዎቹን ነካች። በየትኛውም በኩል የምትበራው አምፖሏ በራች።

"ኃይል አለ" አለች። "መብራቶቹ ይሆኑ እንዴ? ሁለተኛውን ካርቶን ከሌላ ሱቅ አይደል የገዛነው?"

"እ" አለ ሙንዚር።

"ከፊቶቹ አንዱን አምጥቼ እንዳልሞክር ሙጫው ይዟቸዋል። ደሴ መልሰን ብናስቀይርስ?"

"እንጃ።"

ሰዓቱን አየች። ስምንት ተኩል ሆኗል። አንዱን መብራት እንደገና ፈታች፣ እንደገና አሰረች፤ አሁንም አልበራም። ሙንዚር ደረቱ ውስጥ አንድ ሙቀት ተሰማው። ደስታ ነው፤ ግን ለሰው የማይናገሩት ዓይነት ደስታ።

ሃጂ በሺር ትዕግሥታቸው አልቆ ገቡ። "አንተስ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ እንዴ? እስቲ እየው!"

ሙንዚር ተነሳ። ፊርደውስ ከበርጩማው ወርዳ ፒንሳውን አቀበለችውና የስልኳን መብራት ወደ ላይ ያዘችለት። እሱ አልቸኮለም። ሽቦውን አገላብጦ አየ፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጥቁሩንና ነጩን አቀያይሮ አሰረና "አብሪው" አላት።

አራቱም በሩ።

"ማሻ አላህ! ድሮስ ወንድ ልጅ!" አሉ ሃጂ በሺር ትከሻውን እየመቱ። "ሁለተኛዋንም ጀልባ ላንተ ነው የምሰጠው። ከእንግዲህ የምደውለው ላንተ ነው።"

ፊርደውስ ዕቃዋን ወደ ቦርሳዋ ሰበሰበች።

ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱ ሲጋመስ ፊርደውስ ተናገረች።

"ጎበዝ ነህ ወላሂ። እኔ ያን ያህል ሰዓት ዳክሬ አልታየኝም።"

"ተይው በቃ።"

"እውነቴን ነው። አውቄያለሁ ስል ገና ነኝ ማለት ነው። ለጊዜው ባንተ ሥር ሆኜ ብሠራ ይሻላል። ደንበኛም አንተን ይጠይቅ።" ወደ እሱ ዞረች። "ግን በምን አወቅከው?"

"ልምድ ነው" ማለት ይችል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። አውራ ጣቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ በጥፍሯ እየላጠች መልሱን ትጠብቃለች፤ ፊቷ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ የለም።

"መስመሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ" አለ።

"የቱን?"

"የኋላውን። ድሮ፣ ሳንጋባ። ቀይ ሽቦ አልቆብኝ ነው ጥቁሩን ፖዘቲቭ ያደረግሁት። ኮርኒሱን ስትከፍቺ አወቅሁት።"

ሙጫውን መላጥ አቆመች። "ስከፍት? ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን?"

ሌላ ምክንያት ፈለገ፤ አጣ። "ሁሉም የሚጠይቀው አንቺን ነው።"

ፊርደውስ ፊቷን ከእሱ አዞረች። ዕቃ የያዘውን ቦርሳ ከእግሯ ሥር አንስታ በሁለቱ መሃል አስቀመጠችው። ሚኒባሱ ጢጣ ደርሷል።

"ወራጅ አለ!" አለ ሙንዚር።

"ደሴ አልነበር እንዴ የምትወርዱት?" አለ ረዳቱ።

"የት ልትሄድ ነው?" አለች ፊርደውስ ሳትዞር።

"ተመልሼ ለሃጂ ልነግራቸው።"

"ስልክ አላቸው እኮ።"

"በስልክ ከሆነ ግማሹን እተወዋለሁ።"

 ፊርደውስ እንዲያልፍ ጉልበቷን ሰበሰበችለት። ሙንዚር ወርዶ አስፋልቱን ተሻገረና ወደ ሐይቅ ከተማ የሚመለስ መኪና መጠበቅ ጀመረ።