ሁለት ራውተር በአንድ ቤት

ሙሚና ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ ሆና፣ በኢንተርኔት ስልክ ለክሊኒኮች አስተርጓሚ ልትሆን ሁለት ቀን ቀርቷታል። መሥሪያ ቤቱ ያዘዛትን ኢንተርኔት አከፋፋይ ራውተር ገዝታ፣ ኢንተርኔቱን ወደ ቤት ከሚያስገባው ሞደም ጋር ሰካች። ለሙከራ የምታደርገው ጥሪ ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይቋረጣል።

ባሏ ረሻድ "ይቅርብሽ፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም" አላት። እሷ ግን እምቢ ብላ አውሮራ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለከሊል ደወለች።

"ሞደምሽ ራሱ ራውተር ነው እኮ" አላት ከሊል። "ሁለቱ አንድ ሥራ እየተሻሙ ነው። ሞደሙን ብሪጅ ሞድ ላይ አድርጊው፤ ኢንተርኔቱን ብቻ ያሳልፍ። የቀረውን ለራውተሩ ተዪለት።"

"ባበላሸውስ?"

"ከኋላው ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ በመርፌ ትጫኛታለሽ፤ እንደነበረ ይመለሳል።"

ሙሚና ኮምፒውተሯን በገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኝታ የሞደሙን ማስተካከያ ገጽ ከፈተች፤ "ብሪጅ" የሚለውን መርጣ ሴቭ አደረገች። ሁለቱንም አጥፍታ መጀመሪያ ሞደሙን፣ ቀጥሎ ራውተሩን አበራች። መብራቶቹ እስኪረጉ ጠበቀች። የሙከራው ጥሪ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አልተቋረጠም።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ደንበኛዋ ልባቸውን የሚያማቸው አዛውንት ነበሩ። ሐኪሙ ያለውን በቋንቋቸው ስትነግራቸው ዝም አሉ።

"አባባ፣ ይሰሙኛል?" አለች ደንግጣ።

"በደንብ እሰማሻለሁ፣ ልጄ" አሉ። "ሐኪሜ ምን እንደሚል ገና ዛሬ ገባኝ። በይ ቀጥዪ።"