ቆንጆ ኬዝ

«አራት ጣት ነው፤ ከጎድን አጥንቱ በታች አራት ጣት» አሉ አልጋው ላይ የተኙት ሰውዬ በሹክሹክታ። «ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል በይ።»

ተማሪዋ እጇን ሆዳቸው ላይ እንዳደረገች ክው አለች። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት፤ የዛሬውን ፈተና ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። ፈታኙ ስፔሻሊስት ስልክ ሊያናግር ወጣ ብሏል። ሰውዬው ሆስፒታል በተኙባቸው ሦስት ሳምንታት የተማሪ መዓት ሆዳቸውን ሲዳብስ ከርሞ ጉበታቸውን ከእሷ የበለጠ ያውቁታል። ዳበሰችው፤ እንዳሉት ነው።

ስፔሻሊስቱ ሲመለስ ያገኘችውን በእንግሊዝኛ ዘረገፈችው። ካንሰር የሚለውን ስም ታካሚው እንዳይገባቸው በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አሳጠረችው።

«ጎበዝ! ቆንጆ ኬዝ ነው አላልኳችሁም?» አለና ማርኳን ጽፎ ወጣ።

«አለፍሽ?» አሉ ሰውዬው።

«በእርስዎ ነው ያለፍኩት፣ ጋሼ።»

«ስንቱን ዶክተር አደረግኩት! ደሞዝ ሊከፍሉኝ ይገባል» ብለው ሳቁ። ዓይናቸው ቢጫ ነው። «ቆንጆ ነው ሲል ሰማሽው አይደል? የመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ። ባለቤቴ ካልመጣሁ ብላ ስታስቸግረኝ፣ ‹ሐኪሞቹ ቆንጆ ነው ብለዋል፤ የሁለት ቀን መንገድ ምን አንከራተተሽ፣ በወሩ እኔው እመጣለሁ› አልኳት።»

ቆንጆ ማለት በሐኪሞቹ ቋንቋ ምልክቱ ጥርት ብሎ የወጣ፣ ለመማሪያ የሚመች ማለት ነው። በሽታው በገፋ ቁጥር ኬዙ ይቆነጃል። ተማሪዋም ይህንኑ ቃል በስንቱ ሰው ሆድ ላይ ተናግራዋለች። እኚህ ሰው ደግሞ ወር የሚቆዩ አይመስልም።

ኮሪደሩ ላይ ስፔሻሊስቱን ደረሰችበት።

«ዶክተር፣ በሽታቸውን የነገራቸው የለም እኮ።»

«የተኙበት ዋርድ ሐኪሞች ነግረዋቸዋል።»

«አልነገሯቸውም።»

«እንግዲያው ይነግሯቸዋል። ያንቺ ፈተና አልቋል፤ ቀጣዩን ጥሪልኝ።»

ቀጣዩን ጠራችለት። ጓደኞቿ ደረጃው ላይ ሆነው «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ነይ እንጂ!» እያሉ ይጮሃሉ። ባለፈችበት ማርክ አፈረች። በእጇ «ሂዱ» ብላቸው ተመለሰችና ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ምነው፣ ረሳሽ እንዴ? አራት ጣት ነው» አሉ ሰውዬው ልብሳቸውን ሊገልጡላት እየተዘጋጁ።

«ይሸፈኑ፣ ጋሼ» አለች ጋቢያቸውን መልሳ እያለበሰች። «ቆንጆ ያልነው ለእኛ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም። አስረዳዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ለባለቤትዎ እንደውልላቸውና እሳቸው ዛሬውኑ ወደዚህ ይነሱ።»