ዘይቱ ውስጥ ያብለጨለጨው

ሠፈርተኛው ጋራዡን «ሆስፒታሉ» ይለዋል። ስሙን ያወጡት ደንበኞች ናቸው፤ ባለቤቷ መካኒክ ወለሉን ጠዋትና ማታ ስለምታጥብ። አንድ ሰው ብሎን መሬት ላይ ከጣለ ፊቷ ይጠቁራል፤ የዘይት ጠብታ ካየችማ የዚያን ቀን አያድርስ ነው። ክፉ ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ሳቂታ ናት። ግን ንጽሕና ያልገባው ሰው ሞተር አይገባውም ብላ ታምናለች፤ ከዚህ እምነቷ ደግሞ ማንም ፈቀቅ ሊያደርጋት አልቻለም።

ያን ዕለት ክሪክ ላይ የተሰቀለችው የአባቷ መኪና ነበረች። አባትየው ዕድሜያቸውን በሾፌርነት የፈጁ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልጃቸውን ቀድመው መጥተው ጋራዡን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልፈጠረባቸውም። መኪናዋን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቋታል። በየወሩ ተራራውን ተሻግረው ታላቅ እህታቸው ዘንድ ይሄዱና እህትየዋን ከጎናቸው አስቀምጠው ሲያዞሯት ይውላሉ። ቅዳሜም ለዚሁ ጉዞ ስላሰቡ ነው ዘይት ለማስቀየር ያመጧት።

ልጆቹ ግን የአባታቸውን መንዳት ከፈሩ ሰነባብተዋል። ባለፈው ክረምት የግቢውን በር ምሰሶ ገጭተው ከገቡ ወዲህ ደግሞ ስጋቱ ባሰ። ችግሩ፣ አፍ አውጥቶ «አባዬ፣ መንዳት ይብቃህ» የሚል ጀግና ጠፋ። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሟ ብልሃት አመጣ። ቤተሰቡ በተሰበሰበ ቁጥር ወሬውን ሁሉ እሱ ስለሚይዘው «ሰብሳቢው» ነው የሚሉት። መኪናዋ ሞተር የሚያስከፍት ጥገና ያስፈለጋት ቀን ትሸጥ፣ ሌላም አይገዛ አለ። አባትየው «እሺ» አሉ፤ ሁሉም ተገላገለ። ፈራጁ ሞተሩ ሆነ፤ የሞተሩን ፍርድ የምታነበው ደግሞ እሷ።

የማፍሰሻውን ብሎን ስትፈታ ዘይቱ እየተጥመለመለ ሳፋው ውስጥ ወረደ። መብራቷን አቅርባ ስታይ ድንግጥ አለች። ጥቁሩ ዘይት ውስጥ ወርቅማ ነገር ያብለጨልጫል። ጣቷን ነክራ አሸችው፤ ይቆረቁራል። ማግኔቷን በላስቲክ ጠቅልላ ሰደደችው፤ አንዲት ቅንጣት እንኳ ተከትላው አልወጣችም። ማግኔት የሚያነሳው ቢሆን ከፒስተን ቀለበት ነው የመጣው ትል ነበር። ማግኔት የማያነሳው ቢጫ ብናኝ ግን የብሮንዚና ነው፤ የሞተሩን ዋና ዘንግ አቅፎ የሚይዘው ስስ ሽፋን እየተበላ ነው ማለት ነው። ብሮንዚና ደግሞ ሞተር ሳይከፈት አይቀየርም።

ደስ አላት። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ ከደረቷ ላይ ድንጋይ እንደ ተነሳላት ነው የተሰማት። አባቷ ውጭ ከጎረቤት ባለሱቅ ጋር ጨዋታ ይዘዋል፤ ሳቃቸው ይሰማታል። ስልኳን አንስታ ለሰብሳቢው ደወለች። እሱም ነገሩ ያለ ጠብ፣ ያለ ቅያሜ በማለቁ ፈጣሪውን አመሰገነ። ንገሪው አላት፤ ከሁላችንም አንቺን ነው የሚያምነው አላት።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ይቺ የመጨረሻዋ ቃል አላስቀምጥ አለቻት። ፊልትሮውን ቆርጣ ውስጡን ሳታይ ለማንም ደንበኛ «ሞተርህ አለቀለት» ብላ አታውቅም። ታዲያ ለባዳ ያላደረገችውን ለአባቷ ልታደርግ ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ዛሬ የምታፈሰው ደግሞ የሚለቀም አይደለም። ፊልትሮውን ፈትታ ብረት ጨምድዶ ወደሚይዘው ሞርሳ ሄደች።

አስራ ቆረጠችውና የውስጡን ወረቀት እጥፋቱን እየፈታች ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋችው። የሚያብለጨልጭ ነገር የለም። ፊልትሮ የሞተር ወንፊት ነው፤ ብሮንዚናው ያን ያህል ከተበላ እዚህ ውስጥ መሙላት ነበረበት። ከማፍሰሻው ገና ጠብ ጠብ ከሚለው ዘይት በነጭ ስኒ ተቀበለችና ወደ ፀሐይ ይዛው ወጣች። እሱም ንጹሕ ነው።

እንግዲህ ከሞተሩ የወጣው ዘይት ንጹሕ ከሆነ ሳፋው ውስጥ ያለው ለምን ቆሸሸ? ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል፤ እሷ ግን ሁሉን ጠርጥራ የማትጠረጥረው አንድ ነገር ቢኖር የራሷን ሳፋ ነው። ማታ በእጇ አጥባ የደፋችው ሳፋ! የፊልትሮውን ቆርቆሮ አንስታ ልትጥል ስትል ጎኑ ላይ ወርቅማ ብናኝ አየች። ሞርሳውን አየች፤ ጥርሱ ላይም አለ። አጠገቡ ያለው ሞረድማ ወርቅ የተቀባ ነው የሚመስለው።

አባቷን ጠራቻቸው። ሞርሳው ላይ ምን ሲሠሩ እንደነበር ስትጠይቃቸው ፊታቸው በራ። የውጭው በር ማጠፊያ ሲጮህባቸው ስለከረመ፣ ጠዋት እሷ ሳትመጣ የነሐስ ቀለበት ሞርደው አስገብተውለታል። ሄዳ በሩን ከፍታ እንድታየው ጋበዟት፤ ድምፁ ጠፍቷል።

«ወለልሽን እንዳላቆሽሽብሽ ደግሞ ሳፋሽን ከሥር አድርጌ ነው» አሉ፤ ምስጋና እየጠበቁ።

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዓመት ሙሉ ስለ ወለል ስትጨቀጭቅ ኖራ፣ ጭቅጭቋን ሰምተው የታዘዟት ብቸኛው ሰው ሞተሩን ሊያስገድሉ ነበር። ነገሩን ስታስረዳቸው እሳቸውም ሳቁ፤ ሳፋውን ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሞተሯ ደህና ነው» አለች። «ገና ብዙ ትሄዳለች።»

አባቷ «ተመስገን» ብለው ጨርቅ አንስተው እጃቸውን መጥረግ ጀመሩ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ማንም የሚቀየማት የለም። እሷ ግን የከረመ ፍርሃቷን ይዛ ቅዳሜን ልትጠብቅ አልፈለገችም። በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ብናኙን ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር።»

እጃቸውን መጥረጋቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ» አሉ። «እናንተ ከሞተሩ ጋር ተስማማችሁ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም።»

እውነታቸውን ነው። እቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ተሰብስበው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ጎማው አውርተዋል። እሷ ራሷ የሰው መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ሾፌሩን ነው፤ ምን ተሰማህ፣ መቼ ጀመረህ ትላለች። አፈረች።

«እሺ፣ ልጠይቅህ» አለች። «ስትነዳ ዓይንህ እንዴት ነው?»

አባቷ ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡት። ቀን ላይ ዓይናቸው ደህና እንደሚያይ፣ ሜዳውን መንገድ ዛሬም ከማንም ወጣት በተሻለ እንደሚነዱት ነገሯት። ሲመሻሽ ግን የመንገዱ ዳር ይደበዝዝባቸዋል። ካለፈው ክረምት ወዲህ አምሽተው ነድተው አያውቁም፤ ለማንም ሳይናገሩ ነው የተዉት። ተራራው ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ልባቸው ይፈራል።

«ምሰሶውንስ?»

«ምሰሶውን አላየሁትም፣ ልጄ።»

ቤተሰቡ ሁሉ ርቀቱን ስተው ነው ብሎ ነበር። እጃቸውን ያዘች፤ ሁለቱም እጅ ዘይት ነክቶታል። ብዙ ከማውራት ይልቅ የሚሻለውን መነጋገር ጀመሩ። ሜዳውን እሳቸው ይነዱታል፤ ከተራራው ሥር ጀምሮ መሪውን እሷ ትይዛለች፤ በመመለሻውም እንዲሁ። ቅዳሜ ጋራዡን ትዘጋለች። አክስቷን ካየቻት ቆይታለች፤ አባቷ እሷም ስለምትመጣ እህታቸው ምን ያህል ደስ እንደሚላት ሲያስቡ ከወዲሁ ፈገግ አሉ። ሐኪም ዘንድ ስለ መሄድም አነሳች። ቢያጉረመርሙም እምቢ አላሉም።

አዲሱን ዘይት እየሞላች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሰብሳቢው ነው፤ መታገሥ አልቻለም።

«ነገርሽው?» አለ።

«አልነገርኩትም። ጠየቅሁት።»

«ምን ብለሽ?»

«አጠገቤ ነው፤ አንተም ጠይቀው» አለችና ስልኩን ለአባቷ ሰጠቻቸው።

አባትየው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። ሰብሳቢው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ጠፋው። እሳቸው ግን አልቸኮሉም። በርጩማው ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ልጃቸው እስኪጠይቃቸው ጠበቁት።